ነፋሱ ነገ ከወዴት ይነሣል?



ልጅ ሳለሁ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ጤፉ በበሬ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ አውድማው ላይ ረጅም ዝምታ ይሰፍን ነበር። ሥራ ስላለቀ አይደለም፤ ነፋስ ስለሚጠበቅ ነው። መንሹና ላይዳው ከምርቱ ጎን ተጋድመዋል። በሬዎቹ ተፈትተው ገለባ ይለቃቅማሉ። አያቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከአውድማው ዳር ያለውን ግራር ይመለከታሉ። «አባባ፣ ዛሬ ይነፍሳል?» ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ሰማይ ቀና አይሉም። ወደ መሬቱ እያዩ፣ «ገና አልሞቀም። ጤዛው ይድረቅ፤ 4 ሰዓት ሲያልፍ ከዚያ በኩል ይመጣል» ይሉኝና በእጃቸው ምሥራቁን ያሳዩኛል። ብዙ ጊዜ ያሉት ይሆናል። ከዚያም አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፤ «ዛሬ ለጤፍ ይሆናል፣ ለባቄላ ግን አይበቃም» ይላሉ። ጤፍ ለስላሳ ነፋስ ይበቃዋል፤ ነፋሱ ከበረታ ፍሬው ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ባቄላ ጠንከር ያለውን ይፈልጋል።

ዛሬ የምነግራችሁ አያቴ በእነዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስላደረጉት ነገር ነው። ሰዓቱን ተናገሩ፣ አቅጣጫውን ተናገሩ፣ ብርታቱን ተናገሩ። የመሬት ላይ ነፋስ ትንበያ ማለት ይኸው ነው፤ ዛሬ በትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚሠራውም ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይመልስም። አያቴ ግን ከኮምፒውተሩ የሚበልጡበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ የሚተነብዩበትን መሬት ያውቁታል።

ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ለምን 4 ሰዓት ላይ ይነቃል? ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ በመሬቱ ላይ የተኛው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ እንደ ገባ ውሃ ረግቶ ይቀመጣል። ከእሱ በላይ፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ፣ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንቅፋት ይጓዛል። እኛ ግን አናውቀውም፤ በመሃል ያለው የቀዘቀዘ ሽፋን ለይቶናል። ፀሐይ አፈሩን ስታሞቅ ከመሬቱ የተነሣ ሞቃት አየር እየተፍለቀለቀ ይወጣል፤ በምትኩ ከላይ የነበረው ፈጣኑ አየር ይወርዳል፤ ሲወርድም ፍጥነቱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከአውድማው የደረሰው ነፋስ እዚያው አልተወለደም። ሌሊቱን ሁሉ በጭንቅላታችን ላይ ሲያልፍ ያደረ ነው። ወደ ማታ ደግሞ መሬቱ ሲበርድ ሁለቱ እንደገና ይለያያሉ። አያቴ ወደ መሬቱ ማየታቸው ትክክል ነበር፤ የነፋሱ በር ያለው እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ነፋስ ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ጉልበታችን አጠገብ ያለው፣ ከጣሪያችን በላይ ያለውና ከደመናው ጋር የሚሄደው ነፋስ አንድ አይደሉም። ሣሩ፣ አጥሩ፣ ቤቱና ዛፉ ሁሉ አየሩን እየሰበቁ ያዘገዩታል። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ደንብ መሠረት የመሬት ላይ ነፋስ የሚባለው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የ10 ደቂቃ አማካይ ተደርጎ የሚለካው ነው። ድንገት የሚገፋው ነፋስ ለብቻው ይመዘገባል፤ እሱ የ3 ሴኮንድ አማካይ ነው። ቆርቆሮ የሚገነጥለው አማካዩ ሳይሆን ይህ ድንገተኛው ነው። አቅጣጫው ደግሞ ነፋሱ የሚሄድበት ሳይሆን የመጣበት ነው፤ 90 ዲግሪ ሲባል ከምሥራቅ የተነሣ፣ 270 ሲባል ከምዕራብ የተነሣ ማለት ነው።

መሣሪያ ለሌለው ሰው ጥሩ መለኪያ አለ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ነፋስን በደረጃ ከፈለው፤ የእሱ ምልክቶች የመርከብ ሸራዎች ነበሩ፣ በኋላ ለየብስ የሚሆኑ ምልክቶች ወጡለት። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል። የጎጆው ጭስ ብቻ ዘንበል ካለ ነፋሱ በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር አይበልጥም። ፊታችን ላይ ከተሰማንና የባሕር ዛፉ ቅጠል ከተንሾካሾከ እስከ 3 ሜትር ደርሷል። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ ከተወዛወዘ እስከ 5 ሜትር ነው። ከመንገዱ አቧራ ከተነሣና ወረቀት ከበረረ ወደ 6 ወይም 7 ሜትር ገብተናል። ለአንድ ሳምንት ይህን እያያችሁ ብትገምቱ ዓይናችሁ እንዴት እንደሚሠለጥን ትገረማላችሁ።

ወደ ዋናው ችግር ልግባ። የነፋስ ማስጠንቀቂያ እንደ ሥራ የተጀመረው ለባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰባብራ ከ450 በላይ ሰዎች አለቁ። ያን ጊዜ የእንግሊዝን የአየር ጠባይ ቢሮ ይመራ የነበረው ሮበርት ፊትዝሮይ በቴሌግራፍ የአየር ግፊት መረጃ እየሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ1861 ለወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። በዚያ ዘመን አንድ ሕግ እየታወቀ መጣ። ምድር ስለምትሽከረከር አየር ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት በቀጥታ አይፈስም፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ስለዚህ የግፊቱን ካርታ የያዘ ሰው የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት ከካርታው ማንበብ ይችላል። ለአውሮፓ ይህ ትልቅ ሀብት ሆነ።

ለእኛ ግን ያን ያህል አይሠራም፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው። የምድር ሽክርክሪት ነፋስን የሚጠመዝዝበት ኃይል ከምድር ወገብ በራቅን መጠን ይጨምራል፤ ምድር ወገብ ላይ ዜሮ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት፣ ለንደን ከ51 ዲግሪ በላይ። ስሌቱን ስትሠሩት እኛ ጋ ያለው ኃይል ለንደን ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ይገኛል። ጠምዛዡ ሲዳከም አየሩ ወደ ጎደለው ቦታ በቶሎ ይሄድና ልዩነቱን ይሞላዋል፤ ትልቅ የግፊት ልዩነት ሳይጠራቀም ይቀራል። በዚያ ላይ በሐሩር ክልል የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ በመሃል ይወርዳል፤ ማዕበልም ዝናብም ሳይኖር። ከእንግሊዝ አገር የመጣ መርከበኛ ባሮሜትሩ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ቢያይ ሸራውን ሊሰበስብ ይሮጥ ነበር፤ እዚህ ግን ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የነፋስ ትንበያ ትምህርት በአብዛኛው የተጻፈው ከእኛ ርቆ በሚገኝ ኬክሮስ ላለ ሰው መሆኑን የማስታውሳችሁ ለዚህ ነው።

ታዲያ የእኛን ነፋስ ምን ይመራዋል? ከላይ ወቅቱ አለ፤ በበጋ ከዓረብ ምድር በኩል የሚመጣው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅና የምሥራቅ ነፋስ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ የሚገባው። ከታች ደግሞ የፀሐይ ሙቀትና የመሬቱ ቅርጽ አሉ፤ በብዙ ቀናት የሚያሸንፉት እነዚህ ናቸው። ቀን ተራራው ከሸለቆው በላይ ይሞቅና ነፋስ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይንሸራተታል። በበጋ ንጋት ላይ የአዲስ አበባ ጭስ ለምን ከቤቶቹ በላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ እንደሚታይ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከእንጦጦ የወረደው ብርድ ታች ረግቶ፣ የሞቀው አየር ከላይ ክዳን ሆኖበት ነው። ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ቀን ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በማለዳ ይወጣል፣ ሞገዱ ሳይነሣ ይመለሳል።

ኮምፒውተሩ ይህን ያያል ወይ? ዛሬ በዓለም ካሉት የትንበያ ሞዴሎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ፣ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል፣ ምድርን በ9 ኪሎ ሜትር ርቀት በተቀመጡ ነጥቦች ይሸፍናታል። ይህ የሰው ልጅ ከሠራቸው አስደናቂ ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ተነሥታችሁ ወደ ደጀን ስትሻገሩ የዓባይን ሸለቆ አስቡት። ከ1000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ መልሳችሁ ትወጣላችሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ አንዱ ገደል በሙሉ ከሁለቱ ነጥቦች መሃል ይወድቃል። ለሞዴሉ ገደሉ ለስላሳ ዝቅታ ይሆናል፣ ተራራውም ጫፉ የተከረከመ ጉብታ። በለሰለሰ መሬት ላይ የተሰላ ነፋስ በሸካራው መሬት ላይ ለሚኖር ሰው ሲደርስ ፍጥነቱም አቅጣጫውም ሊስት ይችላል።

ለዚህ የማውቀው ግልጽ ምሳሌ ከደቡብ ድንበራችን አጠገብ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍታዎች መካከል፣ በቱርካና ሐይቅ በኩል፣ ሰፊ የመሬት ቧንቧ አለ። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ እዚያ ውስጥ ሲገባ ይጠባል፣ ይፈጥናል፤ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ ይጋልባል። ኬንያ እዚያ 365 ተርባይኖች ተክላ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ገንብታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች በኬንያዋ ማርሳቢት ሆነው ፊኛ እየለቀቁ ነፋሱን ሲለኩት ዓለም ሁሉ ይመካበት ከነበረው የኮምፒውተር መዝገብ የበለጠ ብርቱ ሆኖ አገኙት። ነፋሱ ሁልጊዜም እዚያ ነበር። የሚለካው ሰው ነበር የጎደለው።

ማረሚያ መንገድ አለ፤ ውድም አይደለም። አንድ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በትክክል ከመዘገበ፣ ሞዴሉ ያለውንና ጣቢያው ያየውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የስሕተቱን ጠባይ ማወቅ ይቻላል። «በዚህ ቦታ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ ሞዴሉ በሴኮንድ 2 ሜትር ያሳንሳል» ከተባለ ነገ 2 ሜትር ይጨመርለታል። ይኸው ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ ሞዴሎችም ከዚህ አያመልጡም። የአውሮፓው ማዕከል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 መደበኛ ሥራ ላይ ያዋለው እንዲህ ያለ ሞዴል በነጥቦቹ መካከል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የተማረውም ካለፉት ዐሥርተ ዓመታት መዝገብ ነው። መዝገቡ ሳስቶ በቆየበት አገር ትምህርቱም የሳሳ ይሆናል።

ስለ እርግጠኝነት የምለው አለኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የአየር ጠባይ ሳይንቲስቱ ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ በመነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት ውሎ አድሮ ፈጽሞ የተለየ አየር እንደምትወልድ አሳየ። ስለዚህ ትልልቆቹ ማዕከሎች እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ አንድ ትንበያ ብቻ አይሠሩም፤ የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 50 ተጨማሪ ትንበያዎችን ያሰላል። ዝናብና ሙቀት ላይ የእነዚህን አማካይ መውሰድ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ነፋስ ላይ ግን ወጥመድ አለበት። 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ ሁለቱም ከሰሜን የሚመጡ ነፋሶች ናቸው፤ ቁጥሮቹን ደምራችሁ ለሁለት ብትካፈሉ ግን 180 ያወጣላችኋል፣ ደቡብ ማለት ነው። ይህን ባለሙያ በቀላሉ ያርመዋል። ከባዱ ሌላው ነው። ከ50ው ትንበያ 25ቱ «ነገ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ በሴኮንድ 6 ሜትር» ቢሉ፣ 25ቱ ደግሞ «ከምዕራብ 6 ሜትር» ቢሉ፣ አማካዩ ጸጥታ ነው፤ ነፋስ የለም። ከ50ው አንዱ እንኳ ጸጥታን አልተነበየም! ሐይቅ ዳር፣ ሸለቆ አፍ ላይ፣ ወቅት ሲቀየር፣ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን «ቀላል ነፋስ ይኖራል» ብሎ መናገር ሰውን ማሳሳት ነው። «ወይ ከምሥራቅ ወይ ከምዕራብ ጠንከር ብሎ ይመጣል፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ረፋድ አይለይም» ማለት ይሻላል። አድማጩ ይህን ለመስማት አቅም ያንሰዋል ብዬ አላስብም። ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት አማራጭ ይዞ የሚያድር ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ ተመልከቱ። ማኮብኮቢያዎቹ 07 እና 25 የሚል ቁጥር አላቸው፤ በኮምፓስ ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ያመለክታሉ፤ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅና ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ። የማኮብኮቢያ አቅጣጫ ሲወሰን የቦታው ነፋስ ለዓመታት ይጠናል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከጎን የሚመጣ ነፋስ ማረፊያውን ከ5 በመቶ በላይ ለሆነ ጊዜ እንዳያሰናክለው ይመክራል። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ መነሣት ይወዳል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ክንፉ በቂ አየር እንዲያገኝ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የበለጠ መፍጠን አለበት። እዚህ ከኋላ የሚገፋ ትንሽ ነፋስ እንኳ ብዙ ሜትር ማኮብኮቢያ ይበላል። በክረምት ደግሞ ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት መትቶ ሲበተን የነፋሱ አቅጣጫ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል። ይህን ማንም ከዋዜማው በሰዓቱ ሊናገረው አይችልም፤ በራዳርና በዓይን እየተከታተሉ ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይነገራል።

አዳማ ላይ ሌላ ሒሳብ አለ። ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120። ነፋስ የሚሰጠው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። 8 እንዲህ ሲባዛ 512 ነው፤ 10 ሲባዛ 1000። እንግዲህ ትንበያው በሴኮንድ 10 ሜትር ብሎ 8 ቢነፍስ፣ ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ቢጎድልም ኃይሉ በግማሽ ገደማ ይጎድላል። ያን ጉድለት የሚሞላው ከግድብ የሚለቀቅ ውሃ ነው፤ በበጋ ውሃው ይቆጠባል። የነፋስ ትንበያ ማለት እዚህ ላይ የውሃ ቁጠባ ማለት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዋግ ነው። የስንዴ ግንድ ዋግ ዘሩ እንደ ቀይ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በነፋስ ተሳፍሮ ከወረዳ ወረዳ፣ ከአገር አገር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በአርሲና በባሌ ገበሬው የተማመነበት ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በአዲስ የግንድ ዋግ ተመታ። ማሳው ላይ ቆሞ ስንዴው የወደቀበትን ገበሬ ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሜት ኦፊስ አብረው ማስጠንቀቂያ አቋቋሙ። በሽታው የት እንደታየ ከመስክ ይነገራል፤ ዘሩ በሚቀጥሉት 7 ቀናት ወዴት እንደሚወሰድ በነፋስ ትንበያ ይሰላል፤ የት ርጥበት አግኝቶ እንደሚበቅልም ይጨመርበታል። የነፋሱን መንገድ የሚያሰላው ፕሮግራም መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1986ቱ የቼርኖቢል የኑክሌር አደጋ በኋላ የጨረር ደመናን ለመከታተል ነበር። ዛሬ የባሌ የልማት ሠራተኛ መድኃኒት የቱ ቀበሌ ይቅደም ብሎ ሲወስን ያ ስሌት ከጀርባው አለ። አቅጣጫው በ30 ዲግሪ ቢስት መድኃኒቱ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የቆየ የነፋስ መለኪያ ጣቢያ ጎብኝቼ አውቃለሁ፤ ሲተከል ሜዳ ላይ ነበር፣ አሁን በሦስት ጎኑ ፎቅ ከቦታል። ሠራተኞቹ በትጋት በየሰዓቱ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ግን ነፋስ በየዓመቱ እየደከመ እንደመጣ ይናገራል። የደከመው ነፋሱ አይደለም፤ ሕንፃው ከልሎት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ያን መዝገብ የሚያነብ ተማሪ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ እንዳይጽፍ፣ ግንባታው የተጀመረበት ቀን ከመዝገቡ ጎን ሊጻፍ ይገባ ነበር። አልተጻፈም።

ስለዚህ ከመካከላችሁ መምህራን ካላችሁ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ገላጣውን ቦታ ምረጡ። ቀጥ ያለ ምሰሶ አቁሙ፣ 10 ሜትር ካልተቻለ የቻላችሁትን ያህል፤ ቁመቱን ግን ጻፉት። በቅርብ ካለው ዛፍ ወይም ሕንፃ፣ የእሱን ቁመት 10 እጥፍ ያህል ይራቅ። ጫፉ ላይ አቅጣጫ ጠቋሚ አድርጉ፤ ሰሜኑን በኮምፓስ አስተካክሉ። ተማሪዎቹ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወጥተው ከወዴት እንደመጣና ቅጠሉ ምን ያህል እንደተወዛወዘ በደብተር ያስፍሩ። ጸጥ ያለበትንም ሰዓት ያስፍሩ፤ ባዶ አይተዉት። በአጠገቡ ቤት ከተሠራ ወይም ዛፍ ከተቆረጠ ቀኑን ይጻፉ። በበጋው መጨረሻ ደብተሩን ገልጣችሁ ነፋሱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚነሣ ቁጠሩ፤ ከዚያም በሰፈሩ ወዳሉት ሽማግሌ ሄዳችሁ መጀመሪያ እሳቸው ምን እንደሚሉ ጠይቁ።